የክሊቭላንድ ብራውንስ ታሪክ ለምን ወደ ባልቲሞር አልሄደም?

በአሜሪካ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ (NFL) አንድ ቡድን ከተማ ሲቀይር ታሪኩን ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የክሊቭላንድ ብራውንስ ጉዳይ ነው። የቡድኑ ባለቤት አርት ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ባልቲሞር እንደሚዛወር ሲያስታውቅ የክሊቭላንድ ከተማ ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ1996 መጀመሪያ በተደረሰው ስምምነትም ተጫዋቾቹ ከሞዴል ጋር ሲሄዱ፣ ስሙ፣ ቀለሙ፣ ከ1946 ጀምሮ የተመዘገበው ውጤትና የ1964ቱን ጨምሮ ያገኛቸው የሻምፒዮንነት ክብሮች ግን በክሊቭላንድ ቀሩ።

ስለዚህ በሊጉ መዝገብ ብራውንስ ለሦስት የውድድር ዘመን ሳይጫወት ቆይቶ በ1999 በአዲስ ባለቤትና በአዲስ ተጫዋቾች የተመለሰ ያው ቡድን ሲሆን፣ ሞዴል ይዟቸው በሄደው ተጫዋቾች የቆመው ባልቲሞር ሬቨንስ ደግሞ በ1996 እንደ አዲስ የተመሠረተ ይባላል። ኳስ ይዞ በመሮጥ ስመ ጥር የነበረው ጂም ብራውን ያስመዘገበው ሁሉ የብራውንስ እንጂ የሬቨንስ አይደለም። ነገሩ በወረቀት ላይ የተፈጠረ ቀጣይነት መሆኑ አይካድም፤ ለደጋፊው ግን ከተጫዋቾቹ ይልቅ ስሙ ይበልጥበት ነበር።

የሚገርመው፣ ይህ ዕድል ቀድሞ የነበራት ቡድን ኮልትስ በ1984 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄዶባት ላጣችው ለራሷ ለባልቲሞር አልተሰጣትም፤ የኮልትስ ኮከብ የነበረው ጆኒ ዩናይተስ በዚያች ከተማ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ዛሬም የሚቆጠረው ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ነው።