አሮጌ ፒክአፕ ከልጅ ጋር ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለዓመታት ጥግ ይዞ የቆመ ፒክአፕ ወላጅና ልጅ አብረው እንዲሠሩበት ይመቻል። ካቢናውና ካሶኒው (የኋላው የጭነት ሳጥን) ሻንሲው ላይ፣ ማለትም የመኪናው የታች አጽም ላይ፣ በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ይታያል፤ ኮፈኑ ሲከፈትም በሞተሩ ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ሥራው መሃል ላይ የሚቀረው በአብዛኛው ከሚከተሉት እምነቶች በአንዱ ሲጀመር ነው።

«አዲስ ባትሪ ከገባለት ይነሳል»

ሊነሳ ይችላል፤ ጉዳቱም ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ሞተር ለዓመታት ሲቆም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሸፍን የነበረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ እርጥበት ይገባል፣ የፒስተኑ ፋሻም (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ከግድግዳው ጋር በዝገት ይያያዛል። ሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) እንዲህ ያለውን ሞተር በጉልበት ሲያዞረው ፋሻው ይሰበራል ወይም ግድግዳው ይጫራል።

ስለዚህ ከባትሪው በፊት ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ይፈታሉ። በየገመዱ ላይ ቁጥር ይለጠፋል፤ በካንዴላዎቹ ዙሪያ ያለው አፈርም ወደ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ ይጠረጋል። በየሲሊንደሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይጨመርና ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ማርሹ ነጻ ላይ ሆኖ በክራንኩ ፑሊ (ከሞተሩ ፊት ባለው የቺንጊያ መዘውር) ቡሎን ላይ ረጅም ቁልፍ ገብቶ በእጅ ይዞራል። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሮ ተጨማሪ ቀናት መጠበቅ ነው፤ በቁልፉ ላይ ቱቦ አስረዝሞ መታገል ከሞተሪኖው ስህተት የተለየ አይደለም። ልጁ በፑሊው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ዙሮቹን ይቆጥራል። ሁለት ሙሉ ዙር ሳይያዝ ከዞረ፣ ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ በሞተሪኖ ማዞር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በቀዳዳዎቹ እየተረጨ ስለሚወጣ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል፤ ማንም ፊቱን እዚያ አያስጠጋም።

የናፍጣ ሞተር ላይ መጠኑ ያንሳል፤ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። ከበዛ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ) ያጣምማል።

አሮጌው ቤንዚንም መውጣት አለበት። ሲያረጅ ወደ ሙጫነት ይለወጥና የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የጎማ ቱቦዎቹና ማጣሪያው አብረው ይቀየራሉ። ይህ የወላጅ ሥራ ነው፤ ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከብልጭታ ርቆ።

ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ የኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚፈጠረው ግፊት) ልኬት ይወሰዳል፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ተፈትተው፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ። ልጁ መለኪያውን እያነበበ የየሲሊንደሩን ቁጥር ይመዘግባል። ብዙ የጥገና መመሪያዎች ዝቅተኛው ቁጥር ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች እንዳይሆን ይጠይቃሉ። በደከመው የቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጉዋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይሄዳል።

«መጀመሪያ ሁሉንም ነገር ፈትቶ ማራገፍ ነው»

የብዙ ፒክአፖች ዕድሜ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ ዕቃው በካርቶን ተሞልቶ፣ የትኛው ቡሎን የየት እንደነበር የሚያስታውስ ጠፍቶ። አንድ ሲስተም ተፈትቶ፣ ታድሶ፣ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ይሻላል። የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ሻንሲ፣ ሞተር፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻ ላሜራና ቀለም ነው። ሻንሲው የበሰበሰ ከሆነ የቀረውን ሳይጀምሩ መተው ብዙ ድካም ያተርፋል።

ከመፍታት በፊት ፎቶ ይነሳል፤ ከሩቅና ከቅርብ። ቡሎኖቹ በትናንሽ ፌስታሎች ይገቡና የመጡበት ቦታና ቁጥራቸው ይጻፍባቸዋል። ይህን መዝገብ ለልጁ ሙሉ በሙሉ መስጠት ይቻላል፤ ከጊዜ በኋላ «ይህ የየት ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ይሆናል።

«ዝገት በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ሲቀባ ያልቃል»

ስቱኮ እርጥበት ይስባል። ከሥሩ ዝገት ካለ፣ ወይም ቀዳዳ በስቱኮ ብቻ ከተደፈነ፣ ቀለሙ ብዙ ሳይቆይ ያብጣል። ጥቅሙ ንጹሕ ብረት ላይ ያለን ጥቃቅን ጎድጓዳ ማስተካከል ነው፤ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ዝገቱ ምን ያህል እንደዘለቀ ለማወቅ መዶሻና ካቻቢቴ ይበቃሉ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ አለው፣ የካቻቢቴ ጫፍም ይገባበታል። በፒክአፕ ላይ ቅድሚያ የሚታዩት የካቢናው የታች ማዕዘኖች፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ካቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎችና የኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) መያዣዎች ናቸው። ጭቃና ውሃ የሚቋጥሩት እነዚህ ናቸውና። መነጽርና ጓንት ለብሶ ይህን መፈተሽ ልጆች በጣም የሚወዱት ሥራ ነው። የተበላው ላሜራ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ይበየዳል፤ ከውስጥም ከውጭም ፀረ ዝገት ይቀባል። የሻንሲ ብየዳ ግን ሙሉ ጭነቱን የሚሸከም ስለሆነ ለባለሙያ ይተዋል።

ለትናንሽ ዕቃዎች ነጭ ኮምጣጤ ድንቅ ነው። ማጠፊያና መያዣ ብረቶች አንድ ቀን ይዘፈዘፋሉ፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋሉ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ ይታጠባሉ፣ ወዲያው ደርቀው ዘይት ይቀባሉ። ዘይቱ ከዘገየ በሰዓታት ውስጥ አዲስ ዝገት ይወጣል። ሞላና በጣም ጠንካራ ቡሎኖች አይዘፈዘፉም፤ አሲድ የሚፈጥረው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ገብቶ ተሰባሪ ያደርጋቸዋል።

«ልጅ ቁልፍ ማቀበል ይበቃዋል»

ቁልፍ አቀባይ የሆነ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ይልቅ ሁለት ሰው ካልሆነ የማይሠራ ሥራ ይፈለግ፤ ፍሬን ማስተንፈስ ለምሳሌ። ወላጅ ጎማው ዘንድ ይሆናል፣ ልጅ ፔዳሉ ላይ። ልጁ ቀስ ብሎ ይረግጥና «ይዣለሁ» ይላል፤ ወላጅ የማስተንፈሻውን ቡሎን ይከፍታል፣ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ቡሎኑ ይዘጋል፣ «ልቀቅ» ይባላል። ልጁ ቀድሞ ከለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል፤ ኃላፊነቱ እውነተኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው። በአሮጌ ፖምፓ ላይ ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስቀመጥ አይረሳ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ከወረደ የፖምፓው ጎሚኒ ከዚህ በፊት ተጉዞበት በማያውቀው የዛገ ክፍል ላይ ይሄድና ይቀደዳል።

ለልጅ የማይሰጡም አሉ፦ የመፍጫ ዲስክ፣ ነዳጅ ማውጣት፣ የታመቀ ሞላ መፍታት፣ ከመኪናው ሥር መግባት። ክሪክ ለማንሻ ብቻ ነው፤ መኪናው የሚቆመው ክብደቱን በሚችል የብረት መደገፊያ ላይ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል።

«አቧራው ይታጠባል፣ ምንም አያደርግም»

አሮጌ ቀለም እርሳስ፣ አሮጌ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። ሁለቱም በዓይን አይለዩም። የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋም፣ በደረቁም አይጠረግም፤ ረጥቦ በጨርቅ ይነሳና ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። ቀለምም በውሃ ብርጭቆ ወረቀት እንጂ በደረቁ አይፈተግም። በዚህ ሰዓት ልጁ አጠገቡ ባይኖር ይመረጣል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ሲረጭ ግን ፈጽሞ መኖር የለበትም፤ በማጠንከሪያው ውስጥ የሚገኘው ኢሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ያለው ጭጋግ አስም ያስከትላል፣ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያግደውም።

«ፍሬኑ ከያዘ ደህና ነው»

የመያዙን ያህል መልቀቁም ይታይ። ያረጀ የጎማ ቱቦ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን ወደ ጎማው ያሳልፋል፣ ሲመለስ ያግደዋል፤ ጎማው እንደተያዘ ይሞቃል። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም። የፍሬን ዘይት በበኩሉ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ የሚፈላበት ሙቀትም ይወርዳል። ዶት 3 ለተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ የተቀመጠው ዝቅተኛ የመፍያ መጠን አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ነው። ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። በቆመ መኪና ላይ ቱቦዎቹና ዘይቱ ያለ ጥያቄ ይቀየራሉ። ዘይቱ ቀለም ስለሚልጥ ይህ ሁሉ ከቀለም በፊት ይለቅ።

«መብራት ካስቸገረ ሽቦው በሙሉ ይቀየር»

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማሳው ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት መገናኛ ላይ ነው። ካሶኒው ለብቻው የታሰረ ስለሆነ ቡሎኖቹ ሲዝጉ የኋላ መብራቶቹ መመለሻ መንገድ ያጣሉ። ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ምልክቱ ይኸው ነው። ለማረጋገጥ የመልቲሜትሩ ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቀዩ በመብራቱ ማሳ ላይ ሆኖ መብራቱ ሲበራ ይለካል። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መገናኛው እስኪያበራ ይፈተግና እንደገና ይጠብቃል። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ ቁልፉ አካሉን ከነካ ሾርት ያደርጋል።

«ዳዶ በጠበቀ ቁጥር ይሻላል»

ከመጠን በላይ የጠበቀ ቡሎን ይሳሳባል፣ ጥርሱም ይላጣል። የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚለካ ቁልፍ ልጅ እጅ ላይ ሲሆን «ቀጭ» ሲል ማቆምን ያስተምራል። የጎማ ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ፣ ፊት ለፊት እየተዘለለ ይጠብቃሉ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ።

«ጎማው ጥርስ አለው፣ ይሠራል»

ጎማ ቆሞም ያረጃል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2315 ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። ቁጥሩ ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆንም ይጣላል። ቁጥሩ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊገኝና ያም ጎን ወደ ውስጥ ሊዞር ስለሚችል፣ ልጁ ጎማዎቹ ተፈትተው መሬት ላይ ሲጋደሙ የአምስቱንም ዕድሜ ያስላ፤ መለዋወጫውን ጨምሮ።