የእንግሊዝ የአጥቢያ መዝገቦች፦ የሚባለውና እውነታው

እንግሊዝ አገር ተጋብተው የወለዱ ወገኖቻችን አሉ። ልጆቻቸው የእንግሊዛዊ ወላጃቸውን ዘር ለማወቅ ሲነሱ 1837 ላይ ይቆማሉ። መንግሥት ልደትና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ያን ዓመት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወደኋላ ዋናው መንገድ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ክርስትና የተነሣው፣ ያገባውና የተቀበረው የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ለተራ ሰው ታሪክ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«መዝገቡ የተጀመረው በ1538 ስለሆነ ሐረጋችንን እስከዚያ እንቆጥራለን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ትእዛዙ የ1538 ነው፤ ያወጣውም የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል ነው። የተጻፈው ሁሉ ግን አልተረፈም። ቀደምቶቹ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ነበሩ። በኋላ ብራና ላይ ይገልበጡ ተባለ። ትእዛዙ በተለይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 ወዲህ ያለውን ስለጠቀሰ፣ ብዙ ቄሶች የቀደመውን ትተው ከዚያ ጀመሩ። በ1640ዎቹ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነት መጣና ብዙ ቦታ ምዝገባው ተቋረጠ። ደግነቱ ከ1598 ጀምሮ በየዓመቱ ቅጂ ለጳጳሱ ይላክ ነበር። ዋናው ሲጠፋ እሱን መፈለግ ነው።

«የተጻፈው ቀን የልደት ቀን ነው።» አይደለም፤ ክርስትና የተነሣበት ቀን ነው። አንዳንዱ በተወለደ በቀናት ውስጥ ይነሣል፤ አንዳንዱ ካደገ በኋላ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ላይ።

ዓመቱም ያሳስታል። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። አንድ ባልና ሚስት ኤፕሪል 1720 ተጋብተው፣ ልጃቸው ፌብሯሪ 1720 ክርስትና ተነሣ ተብሎ ቢገኝ «ከጋብቻ በፊት ነው የተወለደው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እውነቱ ግን ልጁ ክርስትና የተነሣው ከሠርጉ አሥር ወር በኋላ ነው። ያ ፌብሯሪ በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው።

ስለ ስም አጻጻፍ ደግሞ «በአንድ ፊደል ከተለየ የኛ ሰው አይደለም» ይባላል። ቄሱ ወይም ጸሐፊው የሚጽፈው ጆሮው እንደሰማው ነበር። ብዙው ሰው ማንበብም ሆነ መጻፍ ስለማይችል አያርመውም። የአንድ አባት ልጆች ፓስፖርታቸው ላይ የአባታቸው ስም በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ያየን እኛ ይህ ሊገርመን አይገባም።

በጣም የማልስማማበት ግን «ድሃ ዱካ የለውም፤ የሚገኘው የባለርስትና የመኳንንት ዘር ብቻ ነው» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በዚያ ዘመን ድሃን የሚረዳው አጥቢያው ነበር። ገንዘቡ የሚወጣው ከነዋሪው ስለሆነ «ይህ ሰው የማነው? የኛ ነው ወይስ የጎረቤት አጥቢያ?» የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። የ1662ቱ ሕግ ለአጥቢያ ሸክም ይሆናል የተባለን መጤ ወደ መጣበት እንዲመልሱ ፈቀደ። ስለዚህ ሰውየውን ዳኞች ፊት ያቀርቡታል። የት ተወለድክ? ለማን ተቀጥረህ ዓመት ሙሉ ሠራህ? ሙያ የት ተማርክ? ብለው ይጠይቁታል። መልሱ ይጻፋል። የአንድ የቀን ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ፣ ራሱ እንደተናገረው ማለት ነው።

ያላገባች እናትም የልጇን አባት ስም እንድትናገር ትገደድ ነበር፤ ቀለብ እንዲቆርጥ። የክርስትናው መዝገብ የዘለለውን የአባት ስም እነዚህ ወረቀቶች ውስጥ የማግኘት ዕድል አለ። ጭካኔም ሞልቷል። እንዲህ ያለው ልጅ በተወለደበት አጥቢያ ስለሚቆጠር፣ ነፍሰ ጡር ሴት ሳትወልድ ከወሰን እንድትወጣ ያጣደፏት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሲያነቡ ስሙን ብቻ ለቅሞ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። በአንጻሩ ዕርዳታ ያልጠየቀ፣ ክስ የሌለበት ትንሽ ገበሬ ሦስት መስመር ብቻ ትቶ ሊሄድ ይችላል፦ ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር።

«መዝገቡ ላይ ከሌለ እዚያ አልኖረም» የሚለውም አያስኬድም። መዝገቡ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም አንግሊካን የሚባለው የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ውጭ ካቶሊኮች፣ ኩዌከሮች (በውኃ የማያጠምቁ ክርስቲያኖች) እና አይሁድ ነበሩ። ሕፃን የማያጠምቁ ባፕቲስቶችም ነበሩ። ከ1754 እስከ 1837 ግን ከኩዌከሮችና ከአይሁድ በቀር ሁሉም የሚጋባው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ ሠርጉ ተገኝቶ የልጆቹ ጥምቀት ቢጠፋ፣ የሌላ እምነት ተከታዮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለ «ቤተሰባችን ዓርማ» አንድ ቃል፦ በእንግሊዝ ዓርማ (በጋሻ ቅርጽ የሚሣለው የዘር ምልክት) የሚሰጠው ለግለሰብ ነው፤ ለተወላጆቹም ይወርዳል። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ የማንም አይሆንም። በየሱቁ የሚሸጠውን ለጌጥ ይግዙት እንጂ ለማስረጃ አይሁንዎ።

የመጨረሻው ስሕተት ኢንተርኔት ላይ በየቀኑ ይደገማል፦ «ስሙ ገጠመ፣ ቦታው ገጠመ፣ አገኘሁት።» በአንድ አጥቢያ ሦስት ጆን ሊኖሩ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሕፃን ሲሞትባቸው ቀጥሎ ለተወለደው ያንኑ ስም የሚሰጡ ወላጆች ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ጥምቀቱን ሲያገኙ የቀብሩን ገጽ ይክፈቱ። ያ ልጅ በሁለት ዓመቱ ተቀብሮ ከሆነ የእርስዎ ቅድመ አያት እሱ አይደለም፤ ምናልባት ስሙን የወረሰው ታናሹ ነው። የአጎራባች አጥቢያዎችንም ይዩ፤ ሰው ለሥራና ለትዳር ወሰን ይሻገር ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያልወጣው ብዙ ነው። የድሮዎቹን መዝገቦች ለማየት አብዛኛውን ጊዜ የሚኬደው ወደ ቄሱ ቤት ሳይሆን ወደ ካውንቲው (አውራጃ እንደማለት ነው) ቤተ መዛግብት ነው።