በላፕላስ ትራንስፎርም ውስጥ ኢኒሻል ኮንዲሽን ምንድን ነው?

«ላፕላስ የሚሰራው ኢኒሻል ኮንዲሽኑ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።» ይህን አባባል ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። ላፕላስ ትራንስፎርም ማለት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን (የለውጥ ፍጥነት ያለበትን እኩልታ) ወደ ተራ አልጀብራ የሚቀይር ስልት ነው፤ ኢኒሻል ኮንዲሽን ደግሞ ነገሩ በዜሮ ሰዓት የነበረው ዋጋ ነው። ጸሐፊው በልበ ሙሉነት ነው የጻፈው፤ እኔም ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ነገሩ እኮ ግልብጥ ነው። ላፕላስን የምንወድበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የመነሻውን ዋጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይዞ መግባቱ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኮንትሮል ኢንጂነሪንግ ስንማር ትራንስፈር ፋንክሽን (የውጤቱ ላፕላስ ለግብአቱ ላፕላስ ሲካፈል) የሚሰጠን መነሻው ሁሉ ዜሮ ነው ተብሎ ነው። ትክክል ነው። ግን ያ የትራንስፈር ፋንክሽን ውል ነው፤ ላፕላስ እዚያ ውል ውስጥ የለበትም።

የላፕላስ ሕግ ይህ ነው፦ የዋይ ደሪቫቲቭ (የለውጥ ፍጥነቱ) በላፕላስ ሲቀየር፣ ኤስ (በጊዜ ፋንታ የሚገባው ተለዋዋጭ) በካፒታል ዋይ (በዋይ ላፕላስ) ተባዝቶ ዋይ በዜሮ ሰዓት የነበረው ዋጋ ይቀነስለታል። የምትቀነሰዋ ነች ኢኒሻል ኮንዲሽኗ። ማንም አልለጠፋትም፤ የላፕላስን ኢንተግራል በኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ስንሰራ ከታችኛው ወሰን፣ ከዜሮ ሰዓት፣ ራሷ ትወጣለች።

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር አስቡ። ባለሱቁ አዲስ ገጽ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚጽፈው «የዞረ 500 ብር» ብሎ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለውጥ ነው፦ ስኳር 100 ተጨመረ፣ 200 ተከፈለ። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚነግረን ለውጡን ብቻ ነው። ለውጡን አንድ ሳታስቀሩ ብትደምሩት እንኳ፣ የዞረውን ካላወቃችሁ ዕዳው ስንት እንደሆነ አታውቁም። የመቀነስ ምልክቷም ከዚሁ መጣች፤ ለውጥ ማለት አሁን ካለው ላይ የዞረው ሲቀነስ ነው። የላፕላስ ደብተር ግን አንድ የራሱ ጠባይ አለው። ቀኑ በራቀ ቁጥር የተጻፈው ብር ክብደቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በምን ፍጥነት እንደሚሳሳ የሚወስነው ኤስ ነው። የዞረው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ስለተጻፈ ምንም ሳይሳሳ በሙሉ ዋጋው ይገባል። ለዚህ ነው ቀመሩ ላይ ኤስ ሳይነካው ብቻውን የሚቆመው።

በቁጥር እንየው። 5 ቮልት የያዘ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ተገናኘ እንበል። ታይም ኮንስታንቱ (የለውጡን ፍጥነት የሚወስነው የሬዚስተሩና የካፓሲተሩ ብዜት) 1 ሰከንድ ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ላይ የተጻፈው ዋጋ 20 በመቶ ሊዛነፍ ስለሚችል፣ ቤት ስትለኩት ልክ 1 ሰከንድ ካልመጣ አትደንግጡ። የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ዋይ ብንለው፣ የዋይ ደሪቫቲቭ + ዋይ = 12 ነው። የዚህን ላፕላስ ስንወስድ እንዲህ ይሆናል፦

(ኤስ + 1) × ካፒታል ዋይ = 5 + 12/ኤስ

5ቱ ከባትሪው 12 ጎን እኩል ቆሟል። ራሱን የቻለ ግብአት ሆኗል ማለት ነው። ወደ ጊዜ ስንመልሰው ቮልቴጁ 12 − 7 × ኢ ፓወር ማይነስ ቲ ነው። ከ1 ሰከንድ በኋላ ወደ 9.4 ቮልት ይደርሳል። ከዜሮ ብንነሳ 7.6 ነበር የምንለው።

ያው ሰው «ዜሮ አድርገህ ፍታና መጨረሻ ላይ ኢኒሻሉን ደምር» ብሎም መክሯል። እሺ፣ እንደምር። ካፓሲተሩ ሲረጋ 12 ሲደመር 5፣ 17 ቮልት! የ12 ቮልት ባትሪ ያለ ሌላ ምንጭ ይህን ከየት ያመጣል? የዞረው 5 ቮልትም እኮ ከጊዜ ጋር እየከሰመ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ እንዳለ የሚደመር ነገር አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ልክ በዜሮ ሰዓት ላይ ኢምፐልስ (በአንድ ቅጽበት የሚያልፍ ኃይለኛ ምት) ካለ፣ የሚገባው ከምቱ በፊት የነበረው ዋጋ ነው። ገጹ ሲገለጥ የተገዛውን ስኳር «የዞረ» ውስጥ ጨምራችሁ ከስር ደግሞ ብትጽፉት ደንበኛውን ሁለቴ ታስከፍላላችሁ። ፈተና ላይ ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚች ጋ ነው።

ዋጋው በዜሮ ፋንታ በ2ኛው ሰከንድ ከተሰጣችሁም ችግር የለም። ሰዓቱን ከዚያ ጀምሩት፣ ግብአቱንም አብራችሁ አዛውሩት። ፈትታችሁ ስትጨርሱ ቲ ባለበት ሁሉ ቲ − 2 አስገቡ።