ሰው የሚለካው በምንድን ነው?

ወንድሞችና እህቶች፣ ዳዊት ቀና ብሎ ጨረቃንና ከዋክብትን አየና «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው?» አለ (መዝ. 8)። ዛሬ ይህ ጥያቄ ብሶብናል። ማሽን ይጽፋል፣ ይስላል፣ ያዜማል። «ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን?» ይባላል። ፍርሃቱ ይገባኛል።

ሳይንስን ሁሉ በጠላት ዓይን ማየት ግን ደግ አይደለም። የሰው ጂኖም፣ ማለትም በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ የተጻፈው የዘር ውርስ መመሪያ፣ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። ሲነበብ፣ የትኞቹም ሁለት ሰዎች 99.9 ከመቶ ያህል አንድ ሆነው ተገኙ። ጳውሎስም በአቴና እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረ ሰብኳል። በዘር የምንናናቅ ከሆነ ቤተ ሙከራውም መጽሐፉም ይፈርዱብናል። ኪነ ጥበብም ቢሆን ባዕድ አይደለም። እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንጨት እንዲቀርጽ ነው (ዘጸ. 31)። ለእጅ ሥራ!

አሁን ልቤን ወደ ያዘው ነገር ልምጣ። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ኤላይዛ የሚባል፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም አስተዋወቀ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ስለ እናትህ ከጻፍክለት «ስለ ቤተሰብህ ጨምረህ ንገረኝ» ይልሃል። በቃ። የሚገባው ነገር የለም። የዋይዘንባም ጸሐፊ ደግሞ ፕሮግራሙን ሲሠራው ለወራት አይታለች። ሆኖም ጥቂት እንደተጻጻፈች፣ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው።

ይህን ሳነብ ሰው መደመጥን ምን ያህል እንደሚጠማ አያለሁ። ዛሬም ሌሊት ስልኩ ላይ ላለ ፕሮግራም ኃጢአቱንና ጭንቀቱን የሚዘረግፍ ወገን በመካከላችን አለ። እባካችሁ እሱን አትውቀሱት። ከእኛ ጆሮ አጥቶ ይሆናል።

ፕሮግራሙ ይመልስለታል። አብሮት አያለቅስም፣ ሊጸልይለትም አይንበረከክም። ዳዊት በዚያ መዝሙር ላይ ሲደነቅ መነሻው የሰው ችሎታ አልነበረም፤ ሰማያትን የሠራ አምላክ ሰውን ማሰቡና መጎብኘቱ ነው። ስለዚህ ማሽን ከእኔ የተሻለ ቢጽፍ አልደነግጥም። እግዚአብሔር የሚያስበውን ሰው እኔ ከረሳሁት ግን ያስደነግጠኛል።

ያዕቆብ «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ» ይሁን ይላል። ከጉባኤ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ያቃተው፣ ወሬ እየፈለገ የሚዘገይ ሰው አይታችሁ ይሆናል። አጠገቡ ተቀመጡ። ስልካችሁን ዝጉ። ጥቅስ ለመጥቀስ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ተናግሮ ይጨርስ።