የወሎ ነባር ቤቶች፦ አሠራራቸው፣ ጥገናቸውና ኑሯቸው

ወሎ ውስጥ ነባር ቤት ሲባል አንድ ዓይነት ቤት ማለት አይደለም። ላስታ ላይ በቀይ ድንጋይ የተገነባ ክብ ባለ ፎቅ ነው። ደሴ ላይ ከእንጨትና ከጭቃ የቆመ፣ በረንዳውን ሳንቃ የከበበው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከሚሴ አካባቢ፣ በአርጎባዎቹ መንደር በሾንኬ ደግሞ ኮረብታ አናት ላይ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ጭቃ ነው፤ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው፣ ማገሩን የሚሸፍነው፣ መደቡና ወለሉ የሚሠራበት ጭቃ ነው። ጭቃ እርጥበትን ይጠጣል፣ መውጫ ካገኘም መልሶ ይተፋዋል። ወሎ ውስጥ ከፈረሱት ነባር ቤቶች ብዙዎቹን የጣላቸው ዕድሜ ሳይሆን፣ ገብቶ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። መውጫውን የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ ለቤቱ ታስቦ የተደረገ ጥገና መሆኑ ያሳዝናል።

ዓይነቶቹ

የላስታው ቤት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሳይቀር ተጠቅሷል። ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ ከአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ያሉት በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ሁለት ደርብ ቤቶችም የቦታው መለያ ሆነው ተገልጸዋል። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ላይኛው ለሰው ነው፤ መውጫው ብዙ ጊዜ ከውጭ በኩል የተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። ጣሪያው የሣር ክዳን ነው።

ደሴ ከዚህ ትለያለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በራስ (በኋላ ንጉሥ) ሚካኤል የተቆረቆረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ የምትገኝ፣ ዝናብ የማያንሳት ከተማ ናት። የንጉሡ አይጠየፍ አዳራሽ እስከ ዛሬ የከተማዋ ምልክት ነው፤ የደሴ ሙዚየምም የተቋቋመው በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላ የተሠሩት ቤቶች ናቸው፦ የድንጋይ ውሃ ልክ፣ ከላዩ የእንጨት ቋሚና ማገር፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ የጨርቅ ወይም የሳንቃ ኮርኒስ፣ ባለ ሁለት ተካፋች የሳንቃ መስኮት።

ከመንካት በፊት

መጀመሪያ የሚጣራው ቤቱ የማን እንደሆነ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ብዙ የከተማ ነባር ቤት የቀበሌ ቤት ሆኖ ቆይቷል፤ ተከራይ በራሱ ፈቃድ ግድግዳ ማንሳት ወይም ክፍል መቀጠል አይችልም። ቤቱ በቅርስነት ከተያዘ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፦ የጥበቃና የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ባለንብረቱ በራሱ ወጪ የመጠበቅ ኃላፊነት ቢኖርበትም፣ ጥገናው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ያው አዋጅ ይናገራል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ባለቤት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ነገር ስንጥቅን ማወቅ ነው። ጠባብና የቆየ ስንጥቅ አያስፈራም። የሚያስፈራው እየሰፋ ያለው ነው። ለመለየት በስንጥቁ ላይ አግድም ጣት ስፋት ያለው ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ይበቃል። ጀሶው አንድ ክረምት ሳይሰነጠቅ ካለፈ ግድግዳው ቆሟል ማለት ነው። ከተሰነጠቀ መሬቱ ወይም መሠረቱ እየሄደ ነውና ልስን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ የሠፈረች፣ መሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ስለሆነች ይህ ሙከራ እዚያ ሊዘለል አይገባም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ወሎ ሁለት ዝናብ አለው፤ በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም። ስለዚህ ለጭቃ ሥራ አስተማማኙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በየካቲት የተለሰነ ግድግዳ ሳይደርቅ የበልግ ዝናብ ያገኘዋል።

ጣሪያው

ሥራው ከላይ ይጀመራል። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መለሰን ሁለት ጊዜ መለሰን ነው።

ለሣር ክዳን ሰንበሌጥ ይመረጣል፤ የሚታጨደውም ፍሬው ከረገፈና አገዳው ከደረቀ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። እርጥቡን አጭዶ የከደነ ሰው በሁለት ክረምት ውስጥ ሻጋታ ያገኘዋል። የጣሪያው ቁልቁለት ከ45 ዲግሪ ማነስ የለበትም፤ የሣሩ ውፍረትም ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከታች ከክፈፉ ተጀምሮ እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን ማሰሪያ እየሸፈነ ወደ ላይ ይወጣል። ቶሎ የሚያረጀው ጫፉ ላይ ጉልላቱ ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሙሉ ክዳን መቀየር ሳያስፈልግ እሱን ብቻ ፈትቶ ማደስ ይበቃል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሚስማሩ ሸለቆው ላይ መመታቱ። ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ነውና ሚስማር በጉብታው ላይ፣ ከጎማ ጋር ይመታል። ወደ ጎን አንድ ተኩል ጉብታ፣ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረባል። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ሲገዙ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ብዙ ሰው ሣሩን በቆርቆሮ ሲቀይር ጠርዙን ለቁጠባ ያሳጥረዋል፤ ዝናቡ ግድግዳውን መምታት የሚጀምረው ያኔ ነው።

የግድግዳው እግር

ጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ከሆነ የሚበሰብሱት ልክ በአፈሩ ገጽ ላይ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ለማረጋገጥ ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ከግርጌው አንድ ጋት ያህል ጭቃ አንስቶ ቋሚውን በቢላ መውጋት ነው። ቢላው ከጣት ጥፍር ርዝመት በላይ ያለ ኃይል ከገባ እንጨቱ አልቋል።

የበሰበሰውን እግር ለመቀየር ጣሪያው በባላና በክሪክ ቀስ ብሎ ይደገፋል። መደገፍ ነው እንጂ ማንሳት አይደለም፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንኳ ከፍ ከተደረገ ያለው ልስን ሁሉ ይሰነጠቃል። ደህናው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥና የላይኛውም የአዲሱም ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እስከ እኩሌታ ተጠርቦ፣ ፊት ለፊት ተደርቦ በሁለት ብሎን ይታሰራል። አዲሱ እግር አፈር ውስጥ አይቀበርም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል። ከአንድ ቋሚ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን አንዱን እየዘለሉ መሥራት ይገባል።

የእንጨቱ ዓይነት እዚህ ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። የድሮዎቹ ቋሚዎች ጥድና ወይራ ናቸው፤ የጥድ ውስጠኛው ቀዩ ክፍል ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ አይቋቋምም፣ በተለይ እንደ ባቲና ከሚሴ ባለው ሞቃት ቦታ። ነገር ግን ጥድ ቆርጦ ማምጣት እንደ ድሮው አይደለም፤ እንደ የጎፍ ያለው ደን ጥብቅ ነው። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣን አሮጌ ጥድ ማገዶ ከማድረግ በፊት ሁለቴ ማሰብ ያሻል። ውጪው የጠቆረ፣ ሲጠረብ ግን ቀይ ሆኖ የሚሸት ግንድ በገበያ ከሚገኝ ከማንኛውም አዲስ አጠና ይሻላል።

በድንጋይ ግድግዳ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ግማሽ ሜትር ገደማ የሚወፍረው ግድግዳ በእውነቱ ሁለት ፊት ነው፤ መሐሉ በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ ይሞላል። ከላይ ውሃ ሲገባ መሐሉ ይታጠብና ውጪኛው ፊት እንደ ሆድ ይነፋል። ቱንቢ ጥሎ ማየት ነው። የተነፋውን ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር ርዝመት ባልበለጠ ቁራጭ ፈትቶ በራሱ ድንጋይ መልሶ መካብ ይቻላል፤ በየካሬ ሜትሩ ቢያንስ አንድ፣ ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚደርስ ረዥም ድንጋይ እንደ ማሰሪያ ይገባል። ይህ ማሰሪያ የመሬት መንቀጥቀጥንም ለመቋቋም ይረዳል። ወሎ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሳት አይረሳም።

ከቤቱ ዙሪያ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ውጪ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ በቂ ቁልቁለት ተሰጥቶት ይቆፈራል። ዓመት በዓመት የተጠራቀመው አፈር የግቢውን መሬት ከወለሉ በላይ ካደረሰው፣ ከቦዩ በፊት አፈሩ ይጠረጋል።

ልስኑ

በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ለሁለት ዓመት ያምራል። በሦስተኛው ዓመት ግድግዳውን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲሚንቶው ከጭቃው ለቅቋል። ያንን ቅርፊት ግርጌው ላይ ፈልቅቀው ቢያዩ፣ ከኋላው ያለው ጭቃ ገና ተቦክቶ የተተወ ይመስል እርጥብ ነው፤ ጭዱ ጠቁሯል፣ ማገሩ በእጅ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበትና በስንጥቅ የሚገባው ዝናብ በጭቃ ልስን ቢሆን ኖሮ በፀሐይ ይወጣ ነበር፤ ሲሚንቶ ግን አያስወጣውም። የሽቦ መረብ መምታቱ ሲሚንቶውን ለጊዜው ያቆየው እንደሆነ እንጂ ከኋላው ያለውን መበስበስ አያቆምም።

የጭቃ ልስን ከአፈሩ ይጀምራል። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ብቻውን አይሆንም፤ ቀይ አፈር ይሻላል። ለምርጉ፣ ማለትም ከሥር ለሚለጠፈው ወፍራም ጭቃ፣ መነሻው 3 ባልዲ አፈር በ1 ባልዲ ተኩል የጤፍ ጭድ ነው። ከውሃ ጋር በእግር ይረገጥና ተሸፍኖ ከ7 እስከ 15 ቀን ይቀመጣል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይገለበጣል። ሲሸት ደርሷል፤ ጭዱ ለስልሶ ጭቃውን እንደ ሙጫ ያደርገዋል። ያልቦካ ጭቃ የሚመርግ ግንበኛ የቸኮለው ለራሱ ነው።

ከመለጠፉ በፊት ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ላይ ይሞከራል። በሦስት ቀን ውስጥ ፀጉር የማያሳልፍ ስንጥቅ ብቻ ከታየ ደህና ነው። ከሰፋ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመራል፤ እንደ አቧራ ከረገፈ አሸዋው በዝቷልና አፈር ይጨመራል። አሮጌው ግድግዳ በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ ተደርጎ ይቆሳቆላል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ውሃ ይረጭበታል፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ያስለቅቀዋል። ምርጉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ 1 ባልዲ በወንፊት ያለፈ ቀይ አፈር፣ 1 ባልዲ ጥሩ አሸዋና ግማሽ ባልዲ ትኩስ የላም እበት ተቀላቅሎ ግማሽ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ውፍረት ይለሰናል።

ዝናብ የሚመታው ፊት ኖራ ይፈልጋል። ያልበረደ ኖራ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራ ላይ አይፈስስም፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። ከበረደ በኋላ ውሃ ላዩ ላይ እንዳለ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆይ። እንደ ወተት ቀጥኖ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ አራት አምስት ጊዜ ሲቀባ ይይዛል። በወፍራሙ አንድ ጊዜ የተቀባ ኖራ እጅ ላይ ይቀራል።

መኖሩ

የሣር ክዳን ቤት ጭስ ይወዳል። የምድጃው ጭስ ሣሩን ያደርቃል፣ ነቀዝንም ያርቃል፤ ላሊበላ ላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነዋሪው ሲነሣ ሰው የወጣባቸው ቤቶች ክዳን ቶሎ የሚያልቀው አንድም በዚህ ነው። ይሁን እንጂ ለእናትና ለሕፃን ሳንባ ሲባል ወጥ ቤቱ ከቤት መውጣቱ ተገቢ ነው። ዋናው ቤት ውስጥ በቀን አንዴ ቡና ማፍላትና ከሰሉን ማጨስ ለክዳኑ ብዙ ይረዳዋል። ከሰል ሲነድ በርና መስኮት ክፍት ይሁን።

ዕቃ ማጠቢያና ገላ መታጠቢያ በጭቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አይሠራም፤ የሚያንጠባጥብ አንድ ቧንቧ ከአንድ ክረምት ይብሳል። በግቢው ውስጥ ለብቻው መሥራት ያዋጣል። ኤሌክትሪክ ደግሞ በአሮጌ የጨርቅ ኮርኒስ ላይ ተጋድሞ ማለፍ የለበትም። የዚያ ዘመን ሽቦ ሽፋኑ ደርቆ የሚሰነጠቅ ስለሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በአዲስ ሽቦ ይቀየር።

የወሎ ቤት እንግዳ የሚበዛበት ቤት ነው። ዱዓ ሲኖር፣ ሠርግ ሲሆን፣ ቅሬው (ዕድሩ) ሲሰበሰብ ሰው በመደቡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። መደቡ የግድግዳውን እግር ከውስጥ የሚደግፍ መሆኑን ሳያዩ፣ ሶፋ ለማስገባት የሚያፈርሱት አሉ። ከመፍረሱ በፊት ግድግዳው ከውጪ ምን እንደያዘው ይታይ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቦዩ ይጠረጋል፣ አሸንዳው ከቅጠል ይጸዳል፣ ሚስማር ያነሣ ቆርቆሮ ይመታል፣ በዝናብ የተሸረሸረው ግርጌ በምርግ ይደፈናል። ለአንድ ቤት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሰፈሩ በጅጌ ከወጣ ደግሞ በአንድ ቀን ሦስትና አራት ቤት ይዳረሳል።