ስክረም፦ የሶፍትዌር ቡድኖች የአሠራር ዘዴ

ስክረም የሶፍትዌር ቡድን ሥራውን በአጫጭር ዙር ከፋፍሎ የሚሠራበት ዘዴ ነው። አጃይል (ቀልጣፋ) ከሚባሉት የሶፍትዌር አሠራር ዘዴዎች ሁሉ በስፋት የሚሠራበትም እሱ ነው። በአማርኛ ሰብሰብ ብሎ የተጻፈ ስላላገኘሁ የማውቀውን እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከራግቢ፣ ኳስ በእጅ ይዘው ከሚሮጡበት ጨዋታ፣ ነው የመጣው። ታኬውቺ እና ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናዊ ምሁራን በ1986 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጎበዝ ቡድን እንደ ዱላ ቅብብል ተራ አይጠብቅም፣ እንደ ራግቢ ኳሱን እየተቀባበለ አብሮ ይሮጣል አሉ። ምሳሌያቸው መኪና፣ ካሜራና ፎቶኮፒ ማሽን ነበር። የሶፍትዌር ባለሙያው ጄፍ ሰዘርላንድ በ1993 ኢዝል በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሐሳቡን ለሶፍትዌር ተጠቀመበት፤ በ1995 ደግሞ እሱና ኬን ሽዌበር በይፋ አቀረቡት።

ሞቅ ያለው ታሪክ የ2001ዱ ነው። ከፌብሩዋሪ 11 እስከ 13፣ በአሜሪካ በዩታ ተራሮች ላይ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሰዘርላንድና ሽዌበር አሉ፤ ኬንት ቤክ፣ ማርቲን ፋውለር፣ አሊስተር ኮክበርንም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ዘዴ ስላለው ይስማማሉ ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ዘዴዎቻቸው «ቀላል» ይባሉ ነበር። ኮክበርን ታዲያ ዘዴው ቀላል ቢባል ግድ የለኝም፣ እኔ ግን የቀላሎች ስብሰባ ላይ የተገኘ ቀላል ሰው መባል አልፈልግም አለ። እውነቱን ነው፣ ማን ይወዳል! በምትኩ «አጃይል» ሲመረጥ ደግሞ እንግሊዛዊው ፋውለር አብዛኛው አሜሪካዊ ቃሉን በትክክል መጥራት አይችልም ብሎ ሰጋ። እኛም ብንሆን አንዱ አጃይል፣ ሌላው ኤጃይል እንላለን። ከስብሰባው 4 እሴቶች የያዘ አጭር መግለጫ ወጣ፤ 12 መርሆዎችም ተከተሉት።

አሠራሩ ብዙ አይደለም። በ2020 በወጣው የስክረም መመሪያ መሠረት ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰው አይበልጥም። አንድ ዙር ስፕሪንት ይባላል፤ ከአንድ ወር አያልፍም፣ ብዙ ቦታ ግን ሁለት ሳምንት ነው። ምን ይቅደም የሚለውን ፕሮዳክት ኦውነሩ ይወስናል፣ ስክረም ማስተሩ ዘዴው በትክክል እንዲሠራ ያግዛል፣ ዲቨሎፐሮቹ ሶፍትዌሩን ይሠራሉ። በየቀኑ 15 ደቂቃ ይገናኛሉ። «ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከ2020ው መመሪያ ወጥተዋል፤ ቡድኖች ግን እንደ ጸሎት ይደግሟቸዋል።

ዘዴውን እወደዋለሁ፣ ግን እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። የ15 ደቂቃዋ ስብሰባ ዲቨሎፐሮቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩባት ነበር የታሰበችው። አለቃ ሲገባባት የስም ጥሪ ትሆናለች። በእኛ በኩል ይሉኝታም አለ። አንድ ቡድን ውስጥ እያለሁ የዳታቤዝ ፈቃድ ሳይሰጠኝ ሦስት ቀን ሙሉ «ምንም ችግር የለም» እያልኩ ከረምኩ፤ ፈቃዱን መስጠት የነበረበት ሰው እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብሏል። በአራተኛው ቀን ነገርኩት፣ በ5 ደቂቃ ጨረሰልኝ።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ለአሜሪካ ቡድን የሚሠራ ደግሞ የሰዓት ጣጣ አለበት። የኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት እኛ ጋ ማታ ሊል ሲል 11 ሰዓት ነው፤ እነሱ በማርች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 10 ሰዓት ይሆናል። ካላንደሩ ላይ «9» የሚል አይቶ ከሰዓት በኋላ 9 ላይ የገባ፣ ለብቻው ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ ይቆያል።