"የደረቀ እንጨት" ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ለቤቱ ወለል ጣውላ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "ደርቋል፣ አይስጉ" የሚለውን ቃል ነው። ሻጩ አልዋሸም ይሆናል። ጣውላው ሲዳሰስ ደረቅ ነው፤ ግንዱ በመጋዝ ከተሰነጠቀም ወራት አልፈውታል። ነገር ግን ለእጅ ደረቅ መሆንና ለወለል የሚበቃ ደረቅ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእንጨት ወለል ሲታሰብ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ዋንዛ ይሻላል ወይስ ጥድ?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከእንጨቱ ስም በፊት እርጥበቱ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

ይህን ያስተማረኝ የእናቴ ሳሎን ነው። ጣውላው የተነጠፈው በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነበር። ያን ዕለት በሁለት ጣውላዎች መካከል ምላጭ እንኳ አይገባም። በመጋቢት እናቴ ምስር ስትለቅም ከሰፌዱ የረገፉት ፍሬዎች ስንጥቁ ውስጥ ገብተው ቀሩ፤ ተንበርክካ በስፌት ወስፌዋ አንድ በአንድ ስታወጣቸው አየሁ። አናጢው ተወቀሰ፤ እንጨቱም ተረገመ። አናጢው ግን ሥራውን ያውቃል፣ ዋንዛውም ጥሩ ዋንዛ ነበር። ማንም ያልጠየቀው ጣውላው ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ነው።

እንጨት የጥቃቅን ቱቦዎች ጥርቅም ነው። ውኃው የሚቀመጠው በሁለት ቦታ ነው፤ በቱቦዎቹ ባዶ መሃል እና በግድግዳቸው ውስጥ። ዛፉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው የመሃሉ ውኃ ነው። በዚህ ጊዜ ጣውላው ይቀልላል እንጂ አይጠብም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን በታንኳ ያውቀዋል፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፣ ሲደርቅም ይቀልለዋል። እንጨት ግን ከዚያ የሚቀጥል ሁለተኛ ድርቀት አለው። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ግድም ሲወርድ የመሃሉ ውኃ አልቆ የግድግዳው መውጣት ይጀምራል። መጥበብ፣ መጣመምና መሰንጠቅ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። በመቶኛው የሚሰላው ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት አንጻር ነው፦ 560 ግራም የነበረ ቁራጭ ፈጽሞ ሲደርቅ 500 ግራም ከመዘነ እርጥበቱ 12 በመቶ ነበር ማለት ነው።

ይህ ድርቀት ደግሞ መጨረሻ የለውም። እንጨት ከአየሩ ጋር ውኃ ሲቀበልና ሲሰጥ ይኖራል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውኃ የያዘው ድርሻ፣ 50 በመቶ በሆነበት ክፍል ውስጥ እንጨት ወደ 9 በመቶ ይወርዳል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 በመቶ ይወጣል። ባሕር ዳር ደግሞ ዝናቧን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተቀብላ፣ የካቲትና መጋቢትን በደረቅ አየር የምታሳልፍ ከተማ ናት። ስለዚህ "የደረቀ እንጨት" ማለት ውኃ የሌለበት እንጨት አይደለም፤ እርጥበቱ ከሚኖርበት ቤት አየር ጋር የተስማማ እንጨት ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ እስቲ እንደምረው። እንደ ዛፉ ዓይነትና ግንዱ በመጋዝ እንደ ተሰነጠቀበት አኳኋን ቢለያይም፣ እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ጣውላ ከወርዱ ሩብ በመቶ ያህል ይጠብባል። በ20 በመቶ የተነጠፈ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ 2.5 ሚሊ ሜትር አጣ ማለት ነው። ለምስር ፍሬ ይበቃል። 4 ሜትር በሚሰፋ ክፍል 40 ጣውላ ጎን ለጎን ይደረደራል፤ የሁሉም ክፍተት ሲደመር 10 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ሙሉ ጣውላ ይሆናል። በርዝመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም፤ ስንጥቁ ሁልጊዜ በጣውላው ጎን የሚታየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ ስም እንመለስ። በእንጨት ንግድ "ጠንካራ እንጨት" የሚባለው የሰፊ ቅጠል ዛፎች እንጨት ነው፤ ስሙ የዛፉን ወገን እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም። ዋንዛና ባሕር ዛፍ ከዚህ ወገን ሲሆኑ ጥድና ዝግባ ከሌላው ናቸው። ባሕር ዛፍ ከዋንዛ ይልቅ ከባድና ጠንካራ ነው፤ የወንበር እግር በቀላሉ አይጎዳውም። ነገር ግን ሲደርቅ ክፉኛ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በጥንቃቄ ካልደረቀ ለወለል አልመርጠውም። ዋንዛ ለስለስ ስለሚል ጭረት ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ልኩን ይጠብቃል። አባቶቻችን ከበሮና ሙቀጫ የፈለፈሉት ከዋንዛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእናቶቻችን ሳሎን ምርጫዬ እሱ ነው፤ ምንጩ ግን ይጠየቅ። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ተከልክለው ነበር፤ ዛሬም ከገበሬ ማሳ ለመጣና ወረቀት ላለው እንጨት መክፈል ይሻላል።

መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ያለው አናጢ ካገኙ ጥሩ ነው። ከሌለ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጣውላውን ወደሚነጠፍበት ክፍል አስገብተው አየር በመካከሉ እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት እያለያዩ ይደርድሩት። ከአንዱ ላይ ቁራጭ ቆርጠው፣ መዝነው፣ ክብደቱን በእርሳስ እላዩ ላይ ይጻፉና እዚያው ያስቀምጡት። በየሳምንቱ ይመዝኑት። እየቀለለ ከሄደ ጣውላው ገና ነው፤ አናጢው ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ። ክብደቱ መለወጡን ሲያቆም ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል። ይህን ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ማድረግ መልካም ነው፤ ያኔ እንጨቱ እንደ ክረምቱ አላበጠም፣ እንደ መጋቢትም አልከሳም።

ሊሾውም ይፈተሽ፤ በተለይ ለሐይቁ ቀረብ ባሉ ሰፈሮች። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው ቢያሳድሩት፣ በማግስቱ ከሥሩ ጠል ካቋጠረ ውኃው ከታች እየመጣ ነውና ማንጠፍ አይገባም። በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ያ ክፍተት ከሌለ በሐምሌ ያበጠው ጣውላ መሄጃ ሲያጣ መሃሉ ላይ ተነሥቶ በር አላስከፍት ይላል። ከተረፈው ጣውላ አምስት ስድስቱን እዚያው ቤት አልጋ ሥር ያስቀምጡ፤ ወደፊት አንዱ ሲበላሽ የሚተካው ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት አየር ሲተነፍስ የኖረ መሆን አለበት።